የካህሉዋ መሠረት ሩም ነው ወይስ ቮድካ? ስለ ሩምና ቡና ሊከር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

በሆቴል መስተንግዶ ሥራ ላይ ያሉ አንድ ጠያቂ የሚከተለውን አቅርበዋል፦ «በምሠራበት ባር ካህሉዋ የተባለው የቡና ሊከር የሚሠራው ከቮድካ ነው የሚሉም፣ ከሩም ነው የሚሉም ባልደረቦች አሉ። ትክክለኛው የትኛው ነው? ስለ ቲያ ማሪያስ፣ ከጦርነት የሸሸች አንዲት ወጣት ያተረፈችው የቤተሰብ ምስጢር ነው እየተባለ የሚነገረው ታሪክ እውነት ነው? በእነዚህ መጠጦች ውስጥ የኢትዮጵያ ቡና አለበት? እቤት ውስጥ በእኛ ቡናና በአረቄ ማዘጋጀትስ ይቻላል?»

ውድ ጠያቂ፣ ዋናውን መልስ ላስቀድም። ሁለቱ የቡና ሊከሮች (ቡና የገባባቸው ጣፋጭ የአልኮል መጠጦች)፣ ካህሉዋም ሆነ ቲያ ማሪያ፣ የተመሠረቱት ከሸንኮራ አገዳ በሚገኝ አልኮል፣ ማለትም በሩም ላይ ነው። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው የካህሉዋ ጠርሙስም የሩምና የቡና ሊከር መሆኑን በመለያው ላይ ይገልጻል። ቮድካ ነው የሚሉት ባልደረቦችዎ ስሕተታቸው ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። ካህሉዋ በባር ውስጥ ብቻውን የሚቀዳበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የታወቀባቸው ኮክቴሎች፣ ብላክ ረሺያን፣ ዋይት ረሺያንና ኤስፕሬሶ ማርቲኒ፣ ሦስቱም ቮድካ ይጨመርባቸዋል። ሁለቱን ጠርሙሶች ሁልጊዜ ጎን ለጎን ሲያነሣ የኖረ ሰው አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ቢመስለው የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን በእነዚህ ኮክቴሎች ውስጥ ቮድካው ከውጭ የሚጨመር ነው፤ ሩሙ ግን በሊከሩ ውስጥ ቀድሞ ያለ ነው።

የአልኮሉ ዓይነት ተራ ዝርዝር ቢሆን ኖሮ መልሴ እዚህ ላይ ይበቃ ነበር። እኔ ግን የእነዚህን መጠጦች ታሪክ ለመረዳት ከቡናው ይልቅ ከሩሙ መነሣት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ቡና ወደ ብዙ አገሮች ይጓጓዛል፤ በየትኛውም ከተማ ያለ ፋብሪካ ጥሬ ቡና ገዝቶ፣ ቆልቶ፣ ከማንኛውም አልኮል ጋር ሊያዋሕደው ይችላል። ቡናና ሩም የተጣመሩት ግን ሁለቱም ተክሎች በአንድ አካባቢ፣ አንዱ ከተራራው ግርጌ፣ ሌላው ከወገቡ ላይ በሚበቅሉባቸው አገሮች ነው። ካህሉዋ ከሜክሲኮ፣ ቲያ ማሪያ ደግሞ ከጃማይካ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካህሉዋ የተወለደበት የቬራክሩዝ ግዛት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተዘረጋ ነው። መሬቱ ከሞቃታማው የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ እስከሆነውና ከ5,600 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ፒኮ ዴ ኦሪዛባ ድረስ ይወጣል። ሸንኮራ አገዳ ወደዚህ አካባቢ የገባው በ1520ዎቹ ሲሆን፣ ሜክሲኮን ለስፔን የያዘው ኤርናን ኮርቴስ ራሱ በቱሽትላ አካባቢ የስኳር መጭመቂያ አስተክሎ ነበር። የአገዳው ሥራ ከጅምሩ በጉልበት ብዝበዛ ላይ የቆመ ነው። በኮርዶባ አካባቢ በነበሩት የስኳር እርሻዎች ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ያንጋ የተባለው መሪ ተከታዮቹን ይዞ ወደ ተራራው በመሸፈት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የስፔንን ወታደሮች ተዋግቷል፤ በመጨረሻም ለወገኖቹ ነፃ መንደር አስፈቅዷል። ዛሬም በዚያው ግዛት በስሙ የምትጠራ ከተማ አለች። የቬራክሩዝ ሩም ታሪክ ሲተረክ ይህ ሰው ሲዘለል ሳይ ቅር ይለኛል፤ የመጠጡ ጣፋጭነት የማን ላብ እንደሆነ የሚያስረዳ ሌላ የተሻለ ምስክር የለምና።

ከአገዳ አልኮል ማንጠር በቅኝ ግዛቱ ዘመን ለረጅም ጊዜ በይፋ የታገደ ነበር። የስፔን መንግሥት ከእናት አገሩ የሚመጣውን ወይንና ብራንዲ ለመጠበቅ ሲል፣ በሜክሲኮ ቺንጊሪቶ ይባል የነበረውን የአገዳ አረቄ ማውጣትንም መሸጥንም ከልክሎ ቆይቷል። ክልከላው ግን መጠጡን ከመደበቅ በቀር ሊያጠፋው አልቻለም፤ በ1796 መንግሥቱ ራሱ ፈቃድ ሰጥቶ ቀረጥ መሰብሰብ ጀመረ። በሜክሲኮ ሩም እንደ ካሪቢያን ደሴቶች በስም የገነነ የንግድ ዕቃ ሳይሆን የቆየው በከፊል በዚህ ረጅም ክልከላ ምክንያት ነው።

ቡና ወደ ቬራክሩዝ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ኮርዶባ ቀደምት ከሆኑት የተከላ ቦታዎች አንዷ ናት። ኋላ ላይ ኮኣቴፔክና ኡዋቱስኮ በቡናቸው ስም አተረፉ። ቡናው የሚለማው በአብዛኛው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ የከፋን ወይም የጅማን ቡና ያየ አንባቢ መልኩ አይጠፋውም። ሦስተኛው ቅመም ቫኒላ ሲሆን፣ እርሱ ከሌላ አገር የመጣ አይደለም። በዚያው ግዛት በፓፓንትላ አካባቢ የሚኖሩት የቶቶናክ ሕዝቦች ከስፔናውያን መምጣት በፊት ጀምሮ የሚያውቁት ተክል ነው። እንግዲህ ከኒው ጊኒ የተነሣው አገዳ፣ ከኢትዮጵያ የተነሣው ቡናና የአገሩ ተወላጅ የሆነው ቫኒላ በአንድ ግዛት ውስጥ ተገናኙ። ሦስቱም በእጅ ባሉበት ቦታ የቡና ሊከር መፈጠሩ ሳይሆን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መዘግየቱ ነው ሊያስገርመን የሚገባው።

ካህሉዋ የተጀመረው በ1936 ነው። ዘመኑን ልብ ይበሉ፦ በአሜሪካ መጠጥን በሕግ የከለከለው ሥርዓት የተነሣው በታኅሣሥ 1933 ነበር፤ ሁለቱን አገሮች ከሚያዋስነው ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ማዶ በመጠጥ የተጠማ ሰፊ ገበያ ተከፍቶ ነበር። ወደዚያ ገበያ የገባውም ብዙ ሳይቆይ በ1940 ገደማ ሲሆን፣ በአሜሪካ ስሙን ያስጠራው ጁልስ በርማን የተባለ አስመጪ ነው። በርማን የጥንታዊ ሜክሲኮን ቅርጻ ቅርጾች አጥብቆ ይሰበስብ ነበርና ስብስቡን ለካህሉዋ ማስታወቂያ ተጠቀመበት፤ መጠጡ በአሜሪካውያን ዘንድ ከጥንታዊ ሥልጣኔ ጋር የተያያዘ ሆኖ የታየው በዚህ መንገድ ነው። እውነታው ግን ካህሉዋ ከማያም ከአዝቴክም ጋር ግንኙነት የሌለው፣ በዘመናዊ ፋብሪካ የተወለደ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ምርት ነው። ይህን ስል ላሳንሰው አይደለም፤ ያልሆነውን ታሪክ መጫን ለመጠጡ አያስፈልገውም ማለቴ ነው።

ለዓለም ባሮች በር የከፈተለት ደግሞ ብራስልስ ነው። በ1949 በሜትሮፖል ሆቴል ይሠራ የነበረው ጉስታቭ ቶፕስ በሉክሰምበርግ የአሜሪካ መልእክተኛ ለነበሩት ለፐርል ሜስታ ክብር ቮድካንና የቡና ሊከርን በበረዶ ላይ ቀድቶ አቀረበላቸው ይባላል፤ ብላክ ረሺያን ይህ ነው። በዛሬው ዓለም አቀፍ የባር ሙያተኞች ማኅበር አሠራር 50 ሚሊ ሊትር ቮድካና 20 ሚሊ ሊትር የቡና ሊከር ይገባበታል። ክሬም ሲጨመርበት ዋይት ረሺያን ይሆናል። በ1980ዎቹ ለንደን ውስጥ ዲክ ብራድሰል የፈጠረው ኤስፕሬሶ ማርቲኒ ደግሞ ትኩስ ኤስፕሬሶን ከቮድካና ከቡና ሊከር ጋር በበረዶ አናውጦ የሚዘጋጅ ነው። በዚህ ኮክቴል ላይ ባልደረቦችዎ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እመክራለሁ፦ ላዩ ላይ የሚቀመጠው አረፋ የሚመጣው አዲስ ከተቀዳው ኤስፕሬሶ ነው እንጂ ከሊከሩ አይደለም። ቡናው አስቀድሞ ተቀድቶ የቀዘቀዘ ከሆነ ምንም ያህል ሊከር ቢጨመርበት ያ አረፋ አይገኝም።

የባለቤትነቱን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው። በ1994 የብሪታንያው አላይድ ላየንስ ከመጠጥ አምራቹ ከፔድሮ ዶሜክ ጋር ተዋሕዶ የካህሉዋ ባለቤት የነበረው አላይድ ዶሜክ ተባለ፤ በ2005 ደግሞ የፈረንሳዩ ፔርኖ ሪካር ያን ኩባንያ ሲገዛ ካህሉዋም አብሮ ተላለፈ። ለባር ሠራተኛ ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው የአልኮል ኃይሉ እንዴት እንደተለወጠ ማወቅ ነው። ቀድሞ 26.5 በመቶ ነበር፤ በ2000ዎቹ ውስጥ ወደ 20 በመቶ ወረደ፤ በ2021 ደግሞ በአሜሪካና በሌሎች ገበያዎች ወደ 16 በመቶ ዝቅ ብሏል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ መጠጥ ሊከር ለመባል ቢያንስ 15 በመቶ አልኮልና በአጠቃላይ በአንድ ሊትር ቢያንስ 100 ግራም ጣፋጭ ሊኖረው ይገባል ስለሚል፣ ዛሬ ያለው ካህሉዋ ከዝቅተኛው ወሰን በአንድ ነጥብ ብቻ ከፍ ያለ ነው። በብዙ አገሮች ቀረጥ በአልኮል መጠን ስለሚሰላ ለአምራቹ የሚያስገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። በእኔ ግምት ግን በኮክቴሉ ውስጥ ለውጡ ይሰማል፤ አልኮሉ ሲቀንስ ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ በቆየ መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ልክ ሳይቀምሱ እንዳለ መከተል አይመከርም።

አንድ ሌላ ማስታወቂያም ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ጠርሙስ ካህሉዋ ለማዘጋጀት ሰባት ዓመት ይፈጃል ሲባል ሰምተው ይሆናል። ይህ አቆጣጠር የቡናው ዛፍ ለፍሬ እስኪበቃ የሚያድግበትን ዘመን የሚጨምር ነው፤ መጠጡ በበርሜል ውስጥ ሰባት ዓመት ተኝቷል ማለት አይደለም። ለእንግዳ ሲያስረዱ ይህን ለይተው ቢናገሩ መልካም ነው።

ከዛፉ ጋር ተያይዞ ገበሬው መነሣት አለበት። የቬራክሩዝ ቡና አምራቾች ባለፉት 40 ዓመታት ሁለት ከባድ ምቶች ደርሰውባቸዋል። የመጀመሪያው በሐምሌ 1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲቋረጥ የመጣው የዋጋ ውድቀት ነው፤ በሜክሲኮም ገበሬውን ይደግፍ የነበረው የመንግሥት የቡና ተቋም በዚያው ዘመን መፍረስ ጀመረ። ሁለተኛው ከ2012 ጀምሮ በመካከለኛው አሜሪካና በሜክሲኮ የተዛመተው የቡና ቅጠል ዝገት የተባለው በሽታ ነው። የካህሉዋ ባለቤቶች በ2016 ፎንዶ ፓራ ላ ፓስ ከተባለ የሜክሲኮ ድርጅት ጋር በቬራክሩዝ መንደሮች የድጋፍ ሥራ ጀምረዋል። ይህ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ አንድ ሊትር ሊከር ከሚሸጥበት ዋጋ ውስጥ ለጥሬ ቡናው የሚደርሰው ድርሻ እጅግ ትንሽ እንደሆነ ቡና ላኪ አገር ውስጥ ያለን ሰዎች ለማስተዋል አይቸግረንም።

አሁን ወደ ቲያ ማሪያ ልሻገር። ለገበያ የሚነገረው ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጃማይካ ሁከት በተነሣ ጊዜ አንዲት የስፔን መኳንንት ልጅ ስትሸሽ፣ አገልጋይዋ የቤተሰቡን ቅርስ፣ የጥቁር ዕንቁ ጉትቻና የአንድ ምስጢራዊ መጠጥ አሠራር የተጻፈበትን ጽሑፍ የያዘች ትንሽ ሣጥን አተረፈችላት፤ ልጅቱም መጠጡን በአገልጋይዋ ስም ጠራችው። በዚያ ዘመን ስፔናውያን ከጃማይካ መሸሻቸው እውነት ነው፤ እንግሊዞች ደሴቲቱን የያዙት በ1655 ነው። የታሪኩ ቀሪ ክፍል ግን ከቡናው ታሪክ ጋር አይገጥምም።

ቡና ጃማይካ የደረሰው በ1728 ሲሆን፣ ያስገባው የቀድሞው አገረ ገዢ ሰር ኒኮላስ ሎዝ ነው፤ ችግኙንም በሴንት አንድሩ በሚገኘው በቴምፕል ሆል እርሻው ተከለ። ይህ ልጅቱ ሸሸች ከተባለበት ዘመን ከ70 ዓመት በላይ የሚዘገይ ነው። በለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው እንኳ በ1652 ነው፤ አውሮፓ ራሷ ቡናን ገና በመልመድ ላይ በነበረችበት ጊዜ፣ የቡና ተክል ባልነበረባት የካሪቢያን ደሴት የሚኖር ቤተሰብ ጥንታዊ የቡና ሊከር አሠራር በውርስ ነበረው ብሎ ማመን አይቻልም። ስለዚህ ለእንግዶችዎ «እንዲህ ተብሎ ይተረካል» ብለው ቢያቀርቡት ትክክል ነው፤ «እንዲህ ሆነ» ብለው ግን አይንገሩ።

በተጨባጭ የሚታወቀው ታሪክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ የሚጀምር ነው። ቲያ ማሪያን በ1940ዎቹ ለገበያ ያበቃው ዶክተር ኬኔት ሊ ኢቫንስ ሲሆን፣ የሕግ ባለሙያ፣ ገበሬና ጋዜጠኛ የነበረው ሞሪስ ካርጊልም በምሥረታው ውስጥ እጁ ነበረበት። ጃማይካ በዚያን ጊዜ በብሉ ማውንቴን ተራሮች የሚለማ ቡናና ለዘመናት የተፈተነ የሩም ሙያ ነበራት። መጠጡ ኋላ ወደ አላይድ ዶሜክ፣ ከዚያም ወደ ፔርኖ ሪካር ገባ። ካህሉዋና ቲያ ማሪያ በአንድ ባለቤት እጅ ለጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ፣ ፔርኖ ሪካር በ2009 ቲያ ማሪያን ለጣሊያኑ ኢልቫ ሳሮኖ ሸጠው። ዛሬ የጣሊያን ኩባንያ ምርት ሲሆን፣ የጃማይካ ሩም፣ አረቢካ ቡናና የማዳጋስካር ቫኒላ እንዳለበት ይገለጻል፤ ኃይሉም 20 በመቶ ነው።

የሁለቱ ልዩነት በአፍ ላይ ግልጽ ነው፤ እኔም ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምስ ሠልጣኞች በመጀመሪያ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ካህሉዋ ወፍራም፣ ወደ ተቃጠለ ስኳር የሚያዘነብል ነው፤ ቲያ ማሪያ ቀለል ያለና የቫኒላ መዓዛው ቀድሞ የሚወጣ ነው። የሩሙ ባሕርይም ድርሻ አለው። የሜክሲኮ ሩም በአብዛኛው በረጅም ዓምድ ማንጠሪያ የሚወጣ ቀላል አልኮል ነው። የጃማይካ ባህላዊ ሩም ግን ሞላሰሱ (ስኳር ሲሠራ የሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) ለብዙ ቀናት ተብላልቶ፣ አንዳንዴም ከቀደመው ማንጠር የተረፈው አተላ ተጨምሮበት፣ በድስት ማንጠሪያ የሚወጣ በመሆኑ የበሰለ ሙዝና አናናስ የሚያስታውሱ ኤስተር የተባሉ መዓዛማ ንጥረ ነገሮችን በብዛት ይይዛል።

ለቡና ሊከር ከቮድካ ይልቅ ሩም ይሻላል የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቮድካ የሚነጠረው ጣዕምና ሽታው በተቻለ መጠን እስኪጠፋ ድረስ ነው፤ ሩም ግን በሕጉ ትርጓሜ እንኳ የአገዳው መዓዛ እንዲቀርለት ከዚያ ባነሰ ደረጃ ይነጠራል። ቡና ሲቆላ የሚፈጠሩት የካራሜል ሽታዎች ከሞላሰሱ ጠረን ጋር፣ በርሜል ውስጥ የቆየ ሩም ከእንጨቱ የሚወስደው ቫኒሊን የተባለው መዓዛማ ንጥረ ነገርም ከቫኒላው ጋር ይስማማሉ። ለእኔ ሩሙ ለቡና ሊከር ቁሌት ነው፤ ብቻውን ባይታወቅም ቀሪው ጣዕም ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። በእርግጥ ሌላ መንገድ የተከተሉም አሉ፤ የአውስትራሊያው ሚስተር ብላክ ከእህል የወጣ ንጹሕ አልኮል ይጠቀማል፣ ፓትሮን ኤክስ ኦ ካፌ ደግሞ በተኪላ ላይ የተመሠረተ ነው። ሚስተር ብላክ የቡናውን ምሬት በንጽሕና ያሳያል፤ ያን ለሚወድ ጠጪ ጥሩ ምርጫ ነው። የሩሙን ሙላት ግን አይሰጥም።

የኢትዮጵያ ቡና አለበት ወይ ለሚለው ጥያቄዎ፣ ካህሉዋ የሚሠራው ከቬራክሩዝ አረቢካ ነው፤ ስለዚህ ከሲዳማ ወይም ከጅማ የሄደ ቡና በውስጡ አይጠብቁ። የዘር ግንዱ ግን ከእኛው አገር ነው። አረቢካ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ሲሆን፣ ወደ የመን ተሻግሮ ለምቶ፣ ከዚያ በሆላንዳውያን እጅ በጃቫ በኩል አምስተርዳም ደረሰ። የአምስተርዳም ሰዎች በ1714 አንድ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አበረከቱ፤ ከፓሪስ የዕፅዋት ቦታ የወጣ ችግኝም በ1720ዎቹ መጀመሪያ ገብርኤል ደ ክሊዩ በተባለ መኮንን እጅ ማርቲኒክ ደረሰ። በካሪቢያንና በመካከለኛው አሜሪካ የተስፋፋው ቲፒካ የተባለው ዝርያ የዚህ ዓይነቱ የጥቂት ችግኞች ልጅ ነው። መሠረቱ እንዲህ ጠባብ በመሆኑም ቀደም ሲል የጠቀስኩት የቅጠል ዝገት በአካባቢው ያን ያህል ጉዳት ሊያደርስ ችሏል። የአረቢካ ሰፊው የዘር ሀብት ዛሬም ያለው በእኛ ደኖች ውስጥ ነው፤ እነዚህን ደኖች መጠበቅ የሜክሲኮውን ገበሬም ይመለከተዋል።

በመጨረሻ የቤት አዘገጃጀቱን በተመለከተ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን አረቄን አልመክርም። ከጥራጥሬ፣ ከብቅልና ከጌሾ የሚወጣው አረቄ የራሱ ኃይለኛ ጠረን አለው፤ ብዙ ጊዜም ጭስ ጭስ ይላል፤ ይህ ከቡናው ጋር ይጣላል። ከጣዕሙ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ደኅንነቱ ነው። በቤት የወጣ አረቄ ኃይሉ ተለክቶ አይታወቅም፤ ምንጩ ያልታወቀ ከሆነም በሜታኖል የተበከለ ሊሆን ይችላል፤ ስኳርና ቡና ደግሞ ጉዳቱን ሸፍነው ያስጠጣሉ። ስለዚህ መለያውና ኃይሉ በግልጽ የተጻፈበት፣ 40 በመቶ የሆነ ቡናማ ሩም ይግዙ።

ለአንድ ሊትር ያህል የሚበቃው ልክ ይህ ነው። 100 ግራም ቡና መካከለኛ አድርገው ይቁሉ፤ ለጀበና እንደምናጠቁረው አይጥቆር፤ የጠቆረ ቡና ከሩሙ ጋር ሲዋሐድ የከሰል ምሬት ይሰጣልና። ከተቆላ በኋላ አንድ ቀን አሳርፈው፣ ሸካራ አድርገው ወቅጠው በ600 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይዘፍዝፉትና ከድነው በማቀዝቀዣ ውስጥ 16 ሰዓት ያህል ያቆዩት። በጥቅጥቅ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ሲያጠሉት ወደ 400 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ወፍራም የቡና ውኃ ያገኛሉ፤ የቀረውን አተላው ይጠጣዋል። በዚህ ውስጥ 250 ግራም ስኳር ሳይፈላ በማማሰል አሟሙተው፣ 500 ሚሊ ሊትር ሩም ይጨምሩበት፤ በርዝመቱ የተሰነጠቀ አንድ የቫኒላ ዘንግ ከተው በጠርሙስ ይዝጉት። ሒሳቡ ሲሠራ የአልኮሉ ኃይል 19 በመቶ ገደማ፣ ስኳሩም በሊትር 240 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህ የአውሮፓ ሕግ ለሊከር ከሚጠይቀው በሁለቱም በኩል ያልፋል። ቡናውን በቀጥታ በሩሙ ውስጥ መዘፍዘፍ ቀላል መስሎ የሚታያቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን 40 በመቶ አልኮል ከቡናው ዘይቱንም መራራውንም አብዝቶ ስለሚያወጣ፣ በተለይ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ጉሮሮን የሚይዝ መጠጥ ይሆናል።

የቡና ምርጫን በተመለከተ፣ በደረቁ የተዘጋጀ የሐረር ወይም የጅማ ቡና እመርጣለሁ፤ የፍራፍሬና የኮኮዋ ጠባያቸው በስኳርና በሩም መካከል ሳይጠፋ ይደርሳል። የታጠበ ይርጋጨፌ እጅግ የምወደው ቡና ቢሆንም ለዚህ ሥራ አላወጣውም፤ ስስ የሆነው የአበባ መዓዛው በሩሙ ይሸፈናልና።

ጠርሙሱ ለሁለት ሳምንት ይረፍ፤ ቫኒላውን ከአንድ ሳምንት በኋላ ያውጡት። ከሥር ዝቃጭ ከታየ ሳይነቀንቁ ቀስ ብለው ወደ ሌላ ጠርሙስ ይገልብጡት። ወተትም ሆነ ክሬም ስለሌለበት በጾም ወራት ለሚጠይቁ እንግዶች ይህን መንገር ይችላሉ፤ ካህሉዋም በመደበኛ ዓይነቱ ወተት የለውም፤ ወተት ያለው ዋይት ረሺያን ነው። የቤቱ ሊከር ከፋብሪካው ቀድሞ የቡና መዓዛውን ስለሚያጣ፣ በማቀዝቀዣ አስቀምጠው በሦስት ወር ውስጥ እንዲጨርሱት እመክራለሁ።